አንድ የሆኑት ሁለት ካርዶች

«ማሽን አይዋሽም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ከማሽኑ በፊት ሰውየውን መርምሩት። ይህን አባባል በአንድ ሳምንት ውስጥ እስኪያቅለሸልሸኝ ሰምቼዋለሁ፤ የሰማሁትም ከአንድ ሰው አፍ ነው። ስሙን አልጽፈውም። ቢቸና ትንሽ ከተማ ናት፤ የሚያውቀው ያውቀዋል፣ እሱም ራሱን ያውቃል። ይቅር ብዬው የምጽፍ የሚመስላችሁ ካላችሁ ደግሞ ከአሁኑ ተስፋ ቁረጡ።

ያን ጊዜ በአንድ የግል ክሊኒክ ካርድ ክፍል እሠራ ነበር። ዋናው ክሊኒክ ቢቸና፣ ቅርንጫፉ ሞጣ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ካርድ አውጥቼ ካርድ መልሻለሁ። ጡረታ ልወጣ ስምንት ወር ቀርቶኝ ነበር። ባል የለኝም፤ የነበረውም ስለ እሱ እንድጽፍ የሚያበቃ ነገር አላደረገም። አባቴ የቅኔ መምህር ስለነበሩ ማንን ምን ብሎ መጥራት እንደሚገባ የተማርኩት ከፊደል በፊት ነው። ቄሱን ቄስ፣ መሪጌታውን መሪጌታ፣ ሐጂውን ሐጂ ሳይሉ በባዶ ስም መጥራት በእኛ ቤት ነውር ነበር።

ወደ ክሊኒኩ ኮምፒውተር ሲገባ የወረቀት ካርዶቹን ወደ ሲስተሙ ያስገባሁት እኔ ነኝ። በየሳምንቱ ዓርብም የመዝገቡን ኮፒ በፍላሽ እያወጣሁ፣ ቀኑን እየጻፍኩ መሳቢያዬ ውስጥ እቆልፍ ነበር። ማንም አላዘዘኝም። ሰው ስለማላምን ነው። ሥራ አስኪያጁ «ወይዘሮ አስካለ ለሰማይ ቤትም ኮፒ ይዘው ይሄዳሉ» እያለ በስብሰባ ላይ ያስቅብኝ ነበር።

አንድ ሰኞ ጠዋት መሪጌታ ይኄይስ ታደሰ ጉሮሯቸውን ታመው መጡ። በአንድ ቀበሌ ውስጥ ሁለት መሪጌታ ይኄይስ ታደሰ አሉ፤ የሚለዩት በአያታቸው ነው። አንዱ የወልዴ፣ ሌላው የቢሻው የልጅ ልጅ ናቸው። የመጡት የወልዴው ነበሩ። የእሳቸው ሰውነት ፔኒሲሊን አይቀበልም። ይህን ካርዳቸው ላይ በቀይ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ነርሷ መርፌውን ይዛ እንደ ደንቡ ጠየቀቻቸው።

«አባ፣ የማይስማማዎት መድኃኒት አለ?»

«እዚያው ተጽፏል፤ አስካለ ጽፋዋለች» አሏት።

ነርሷ ስክሪኑን አየች። ምንም አልነበረም። ወጋቻቸው።

እኔ የሰማሁት ወንበር ሲወድቅ ነው። ሮጬ ስደርስ ፊታቸው አብጦ ዓይናቸው ተደፍኗል፤ ትንፋሻቸው እንደ ፉጨት ነው። ሐኪሙ ከጎን ክፍል ባይኖር ኖሮ ያን ቀን እንቀብራቸው ነበር። እኩለ ቀን ላይ ትንፋሻቸው ተመለሰ። ነርሷ የነገረችኝ ቃላቸው ግን ከጆሮዬ አልወጣም። አስካለ ጽፋዋለች። ሰውየው ነፍሳቸውን የሰጡት ለመድኃኒቱ አልነበረም፤ ለእኔ ጽሕፈት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ አስጠራኝ። ፊቱ ላይ አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ላይ ግን አልገደድም።

«የወልዴው ካርድ ሲስተሙ ውስጥ የለም» አለኝ። «ያለው የቢሻው ብቻ ነው፤ ነርሷ ያየችውም እሱን ነው። ካርዱን ለመጨረሻ ጊዜ የነኩት ደግሞ ቅዳሜ እርስዎ ነዎት።»

«ቅዳሜ የነካሁት የቢሻውን ነው። የስልክ ቁጥራቸውን ቀየርኩ፣ ሴቭ አልኩ፣ አበቃ።»

«የወልዴውን አጥፍተዋል።»

«አላጠፋሁም።»

«ሲስተሙ ስምዎን መዝግቧል። ማሽን አይዋሽም፣ ወይዘሮ አስካለ።»

«አይዋሽም እንበል። ሊሳሳትስ አይችልም?»

«ዓርብ ሦስት ሰዓት ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ይቀርባሉ። እስከዚያ ሌላ ምክንያት ከተገኘ እሰየው። ካልተገኘ በሕመምተኛ ሕይወት ላይ በደረሰ ቸልተኝነት ይሰናበታሉ።»

አራት ቀን ነበረኝ። በአራቱ ቀን ውስጥ ደግሞ ሕመምተኛ መምጣቱን አያቆምም። የጠፋ ካርድ ያለው ሌላ ሰው መርፌ ክፍሉ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም።

ማክሰኞ ሲስተሙን የሠራው ዮናስ የሚባል ፕሮግራመር ከባሕር ዳር መጣ። የሠላሳ አምስት ዓመት ጎልማሳ ነው፤ ላፕቶፑን ከፍቶ ሳይቀመጥ መልሱን ያወቀ ዓይነት።

«እማማ፣ አይጨነቁ። ይሄ የኔትወርክ ነው።»

«እናትህ አይደለሁም። ወይዘሮ አስካለ በለኝ።»

ኔትወርኩን ነካካ። «አሁን ይሞክሩት» አለኝ። ሞከርኩ፤ ካርዱ የለም። «እንግዲያው የኮምፒውተሩ ማስታወሻ ሞልቶ ነው» አለ። አጸዳው። የለም። «እንግዲያው የቆየ ፋይል ነው» አለ። ቀየረው። የለም። በአራተኛው ግምቱ ጭራሽ የላብራቶሪ ውጤት መታተም አቆመ። ከስድስት ሰዓት በኋላ ውጪ የተሰለፈው ሰው እኔን መስደብ ጀመረ፤ መስኮቱ ላይ የምታየው እኔ ነኝና።

«ምን እያደረግህ ነው?» አልኩት።

«ልምድ ነው፣ ወይዘሮ አስካለ። ብዙ ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ነው።»

«ብዙ ጊዜ የምትለው የሌላ ቀን ነው። እኔ የምጠይቅህ የዛሬውን ነው። ሳይመረምር መድኃኒት የሚቀያይር ሐኪም ቢኖረን እኮ እናባርረው ነበር።»

አኮረፈ። ግን ማታ ወደ አልጋው ከመሄዱ በፊት የነካካውን ሁሉ እንደነበረ መለሰ። ያንን አልክድበትም።

ረቡዕ ጠዋት ሌላ ዘዴ ይዞ መጣ። ሲስተሙ በሚያልፍበት በእያንዳንዱ ደረጃ «እዚህ ደርሻለሁ፣ ይህን ይዣለሁ» ብሎ እንዲጽፍ አደረገው። ዱካ መከተል መሆኑ ነው። አንድ የሙከራ ሕመምተኛ አበበ ከበደ ብሎ መዘገበ፣ ስልኩን ቀየረ፣ ሴቭ አለ። ስክሪኑ ላይ መስመር ይፈስ ጀመር። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ምሳ ድረስ አገጩን ይዞ ያን ሁሉ አነበበ።

«እ?» አልኩት።

«ሁሉም ትክክል ነው።»

«ሁሉም ትክክል ከሆነ የሰውየው ካርድ የት ሄደ?»

«እሱን ነው የማላውቀው።»

በዚያች መልሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደድኩት። አላውቅም የሚል ወንድ በሥራ ዘመኔ ብዙ አላየሁም። መሳቢያዬን ከፍቼ ፍላሹን አወጣሁ።

«ስማ» አልኩት፤ «ካርድ ሲጠፋብን መደርደሪያውን ሁሉ አናገላብጥም። ለመጨረሻ ጊዜ በደኅና የታየው መቼ ነው ብለን እንጀምራለን። ይኸው የዐሥራ ስድስት ሳምንት ኮፒ። ይኸው ደግሞ አዲስ የመጣ ሰው ሁሉ በቁጥር የሰፈረበት የእጅ መዝገቤ። የሁለቱ ድምር እኩል መሆን አለበት። እኩል መሆናቸው የቀረው መቼ ነው?»

ዮናስ ፍላሹን አየ፣ እኔን አየ። «ይሄን ለምን ማክሰኞ አልነገሩኝም?»

«ማክሰኞ ጠይቀኸኝ ነበር?»

ከአንደኛው ሊጀምር ሲል እጁን ያዝኩት። «ከመካከል ክፈት።» ስምንተኛውን ከፈተ። እኩል ነው። እስከ ስምንት ያለውን በአንድ ጊዜ ጣልነው። ዐሥራ ሁለተኛውን ከፈተ። ሦስት ካርድ ይጎድላል። ዐሥረኛው እኩል ነው። ዐሥራ አንደኛው አንድ ይጎድላል። አራት ጊዜ ከፍተን ሳምንቷን ያዝናት፤ ሩብ ሰዓት አልፈጀም። የዕለቱን መዝገብ ስንቆጥር የጎደለው ሰባት ደርሷል።

ሰባት ሰው። ማን ማን እንደሆኑ ለማወቅ ሁሉንም ስም አንድ በአንድ ማመሳከር ይጠይቃል፤ እሱ ደግሞ ሳምንት ይፈጃል። ሐኪሙን ሄጄ ነገርኩት። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ማንም ሰው «ካርዱ ላይ አለ» ቢል እንዳይታመን፣ ሁሉም ከራሱ አፍ እንዲጠየቅ አዘዘ።

ሥራ አስኪያጁ ሲሰማ ምን አለ? «ስለዚህ ያጠፉት ሰባት ነው ማለት ነው።»

ዮናስ ተሟገተልኝ። ካርድ መጉደል የጀመረው የሲስተሙ አዲስ ማሻሻያ በተጫነበት ሳምንት እንደሆነ አስረዳ። ወዲያው ግን ራሱ ባመጣው ነገር ራሱ ተያዘ፤ ማሻሻያው በዚያው ቀን ሞጣም ተጭኗል። ስልክ ደውሎ አስቆጠረ። ሞጣ አንድም ካርድ አልጎደለም።

«አያችሁ» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ እየለጠጠ፤ «ሲስተሙ አንድ ነው። ማሻሻያው አንድ ነው። የሚለየው ሰው ነው።»

ውስጤ ነደደ። ነገር ግን እየነደድኩም ቢሆን አሰብኩት። ጤነኛውና የታመመው ጎን ለጎን ካሉ የሚለዩበትን መፈለግ ነው።

«እንግዲያው ሄደን ልዩነቱን እንየው» አልኩ።

አልኩ እንጂ ከአፌ ስትወጣ ቆጭቶኛል። የሞጣው ካርድ ክፍል ኃላፊ ዘይነባ ናት። ዘይነባ የሞጣ የነጋዴ ልጅ ናት፤ በወጣትነታችን ቢቸና አብረን ሠርተናል፣ አንድ ትሪ በልተናል። ለሞጣው ኃላፊነት ሁለታችንም ስንወዳደር «አስካለ ግትር ናት፣ ሰው አታሠራም» ብላ ለአለቆቹ መናገሯን ሰማሁ። ቦታው ለእሷ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ዐሥራ ሁለት ዓመት አንድ ቃል አልተለዋወጥንም። በስልክ ስትደውል እንኳ ስልኩን ለሌላ ሰው እሰጥ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ከዮናስ ጋር ሚኒባስ ተሳፈርን። እስከ ደብረ ወርቅ ድረስ አንገቱን ደፍቶ ተኛ። እኔ መስኮቱን እያየሁ ለዘይነባ የምላትን አዘጋጀሁ፤ ጥሩ ጥሩ ስድብ ነበር። አንዱም አልተነገረም። ገና በሩ ላይ ስታየኝ ቀደመችኝ።

«አስካለ! በእግርሽ ነው የመጣሽ? ዐሥራ ሁለት ዓመት ፈጀብሽ።»

«በሥራ ጉዳይ ነው የመጣሁት።»

«እሱንማ ፊትሽ ይናገራል። ግቢ።»

ልቀመጥ አልቻልኩም። «ግትር ናት ብለሽ አስቀርተሽኛል» አልኳት፣ ቆሜ።

«ብያለሁ። ወላሂ ዛሬም ጠይቁኝ፣ ዛሬም እላለሁ። ስለ እኔ ቢጠይቁሽ አንቺስ ምን ትዪ ነበር?»

«ሐሜተኛ ናት እል ነበር።»

«እሱም እውነት ነው። በይ አሁን ቁጭ በይ፤ እግርሽ አብጧል።»

ዮናስ በመካከላችን ሊስቅ ፈልጎ ፈራ።

ነገሩን ከመጀመሪያው አስረዳናት። እያንዳንዷ ነገር ላይ «ቆይ፣ እንዴት?» እያለች ታስደግመናለች። ታሰለቻለች። ግን ዮናስ ሦስተኛ ጊዜ ሲደግምላት በመካከል ቆመና «ቆይ፣ እኔ የሞከርኩት ሁልጊዜ በአበበ ከበደ ነው» አለ። «በእውነተኞቹ ስሞች ሞክሬ አላውቅም።»

«በሉ እንሞክራ» አለች ዘይነባ። ለሙከራ በተከፈተው መዝገብ ላይ ሁለቱን ይኄይሶች አስገባች፤ አንዱን የወልዴ፣ ሌላውን የቢሻው። የሁለተኛውን ስልክ ቀየረች። ሴቭ። ሁለቱም ካርዶች አሉ።

ሥራ አስኪያጁ እዚያ ቢኖር ኖሮ በደስታ ያጨበጭብ ነበር።

«አሁን አንቺ ተቀመጪ» አለችኝ። «እኔ ያስገባሁት ይጥፋና አንቺ እንደ ልማድሽ አስገቢ። አንተ ደግሞ» አለችው ዮናስን፣ «ስክሪኑን ተወው። እጇን እይ።»

ተቀመጥኩ። ሦስት ሳጥን አለ፦ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። እንደ ልማዴ ሞላሁ። የመጀመሪያውን፣ ከዚያ ሁለተኛውን። ስልክ ቀየርኩ። ሴቭ አልኩ። ዝርዝሩን ከፈትኩት።

አንድ ካርድ።

በገዛ ዓይኔ ፊት፣ በገዛ እጄ፣ ሁለት ሰው አንድ ሆነ። ጣቶቼን ከቁልፎቹ ላይ እንደ ተቃጠለ ሰው አነሳኋቸው።

«አየሁት» አለች ዘይነባ በቀስታ። «ስም በሚለው ሳጥን ውስጥ መሪጌታ ይኄይስ ብለሽ ጻፍሽ።»

«ታዲያ ምን ልበላቸው? ይኄይስ ብዬ ልጥራቸው? ጓደኛዬ ናቸው?»

«እኔ ማዕረጉን የምጽፈው ታች ማስታወሻው ላይ ነው። መጀመሪያ እኔም እንዳንቺ ከፊት እጽፍ ነበር። በፊደል ተራ ሲወጣ የሞጣ ሐጂ ሁሉ አንድ ላይ ተሰለፈብኝ፤ አንዱን ለማግኘት ሁሉንም መቀስቀስ ሆነ። አባቴ የሱቁን ዕቃ የሚደረድረው በስሙ ነው እንጂ በክብሩ አይደለም።»

ዮናስ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ቆይቶ ነበር። «የእኔ ጥፋት ነው» አለ። «በማሻሻያው ላይ ሁለት ጊዜ የተመዘገበ ሰው ካለ ካርዱ አንድ እንዲሆን አደረግሁ። ለማመሳከር ሦስቱን ሳጥን በአንድ መስመር አገናኝቼ፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቃላት ብቻ ወሰድኩ። መሪጌታ፣ ይኄይስ፣ ታደሰ። አያትየው ወደቁ። ሲስተሙ ሁለቱን አንድ ሰው አደረጋቸው፤ አዲስ የነካሽውን ካርድ አስቀርቶ የሌላውን ጣለው።» በድንጋጤው አንቱታውን ረስቶታል። አላረምኩትም።

ከሞጣ ስንመለስ እሱ ማስተካከያውን እየጻፈ ነበር። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን በሚኒባሱ ውስጥ ሳሰላስለው የጠፉት ሰባቱ ሁሉ ቄስ፣ መሪጌታ፣ ሐጂ መሆን እንዳለባቸው ገባኝ። ያከበርኳቸውን ብቻ መርጬ ነው ያጠፋኋቸው።

ዓርብ ሦስት ሰዓት ኮሚቴው ተቀመጠ። መሪጌታ ይኄይስ የወልዴው ጋቢያቸውን ለብሰው፣ እብጠታቸው ጎድሎ፣ እንደ ተበዳይ ተጠርተው መጥተዋል። ዮናስ ጥፋቱን ሳይሸፋፍን ተናገረ። ሥራ አስኪያጁ እጁን አጣጥፎ ሰማና ወደ እኔ ዞረ።

«ቢሆንም ማዕረጉን ያለ ቦታው የጻፉት እርስዎ ነዎት።»

ይህን ስጠብቅ ነበር። ከቦርሳዬ አንድ ወረቀት አወጣሁ። ሲስተሙ ሲገባ ለእሱ የጻፍኩት ማመልከቻ ነው፦ «ለማዕረግ የሚሆን አንድ ሳጥን ይጨመርልን።» ከግርጌው በገዛ እጁ «አያስፈልግም፤ ማሽን ማዕረግ አያውቅም» ብሎ ፈርሞበታል። ኮፒ ይዤ ነበር። ኮፒ እይዛለሁ።

ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ፊቱን አየሁት። ያችን ደቂቃ እስክሞት ለማንም አልሰጥም።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ እኔ ንጹሕ ነበርኩ። አፌን ብዘጋ ማንም አንድ ቃል አይጨምርም ነበር። ግን መሪጌታው እያዩኝ ነው። «አስካለ ጽፋዋለች» ያለ ሰው ዓይን ነው።

«አንድ ነገር ይጨመር» አልኩ። «ሳጥን ሲከለከል የማይሆን ቦታ ላይ ጻፍኩት። ማስታወሻ የሚባል ቦታ እንዳለ አውቅ ነበር። ማዕረግን ታች መጻፍ ግን ከእግር ሥር መጣል መስሎኝ እንቢ አልኩ። ሌሎቹንም እንደዚያው አስተምሬያለሁ። ግትር ነኝ፤ ይህንንም የሞጣዋ ዘይነባ ትመሰክራለች።»

መሪጌታ ይኄይስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ድምፃቸው ገና ሻካራ ነበር።

«አስካለ፣ አባትሽ አስተማሩኝ። እንዲህ አድርገው እንዳሳደጉሽ አውቃለሁ። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን ቆሜ በጸሎት ስሜ ሲነሣ፣ መሪጌታ ብሎ የሚያነሣኝ የለም። በክርስትና ስሜ ብቻ ነው። እግዜር ያለ ማዕረጌ የሚያውቀኝ ከሆነ ማሽኑም ይወቀኝ፤ ብቻ ከሰው አያምታታኝ።»

አልተባረርኩም። የቀረኝን ስምንት ወር ጨርሼ በደኅና ጡረታ ወጣሁ። ዮናስ ለማዕረግ ሳጥን ጨመረ፤ እስኪደርስ ማስታወሻው ላይ ጻፍን። ሰባቱም ካርዶች ከፍላሼ ኮፒ ተመለሱ። ሥራ አስኪያጁ እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቀም፤ እኔም እየጠበቅሁ አይደለም። ዘይነባ በየበዓሉ ትደውላለች፤ ስልኩን አነሳለሁ። ከዚያ በላይ አትጠይቁኝ።

እናንተ በኮምፒውተር የምትሠሩ ልጆች ስለ ዘዴዎቹ የየራሳችሁ ክርክር እንዳላችሁ ዮናስ ነግሮኛል። የእኔን ላበድራችሁ። ግምት የሚጠቅመው ባለ ዕድልን ነው፤ ስትገምቱም የነካችሁትን መልሱ። ዱካ መከተል መልካም ነው፣ ግን አበበ ከበደን ከተከተላችሁ የምትደርሱት አበበ ከበደ ቤት ነው። የት እንዳለ ጭራሽ ካላወቃችሁ ከመካከል ክፈቱ፤ ግማሹን ወዲያው ትገላገሉታላችሁ። ጤነኛ አቻ ካለው ጎን ለጎን አስቀምጡት፤ ጤነኛው የጠላታችሁ እጅ ላይ ቢሆንም ሂዱ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጥፋት ስፈልግ የከፈትኩት ሌሎች የቆሙበትን ግማሽ ብቻ ነበር። ብዙ ጊዜም አግኝቼበታለሁ፤ ስለዚህ ሌላውን ግማሽ መክፈት አለብኝ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ከኮሚቴው በኋላ በነበረው ሳምንት የባለ ማዕረጎቹን ካርድ ሁሉ አንድ በአንድ አስተካከልን። ሥራውን ለሦስት ሰው አከፋፈልኩና አንዱን ካርድ ለራሴ አስቀረሁ። የአባቴ ካርድ ነው፤ ካረፉ ቆይቷል፣ የሞተ ሰው ካርድ ግን አይጣልም። ከፈትኩት። ስም በሚለው ሳጥን ውስጥ የራሴ ጽሕፈት አለ። መሪጌታ የሚለውን ቃል ከኋላ ወደ ፊት፣ ፊደል በፊደል አጠፋሁት። ባዶ ስማቸው ቀረ። ሰው እንዳያየኝ በሩን ዘግቼ ነበር። ቃሉን ታች ማስታወሻው ላይ ጻፍኩት፣ ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ፣ ቆሜ ሴቭ አልኩት።